ሕመም ለማይሰማው እግር፦ በእጃችን የምንሠራቸው ቀላል መለኪያዎች

በረጃፍም ሆነ በጎሮም ሰፈር የሚኖር ሰው ኑሮው የቆመው በእግሩ ላይ ነው። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ እርዳታ ለመቀበል የሚሰለፈው፣ ጁባ ገበያ ደርሶ የሚመለሰው በእግሩ ነው። በበጋ መሬቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ጠጠሩና እሾሁ ዓመቱን ሙሉ አለ። ያም ሆኖ አብዛኞቻችን ስለ እግራችን ሳናስብ እንውላለን። እሾህ ሲወጋን ቆመን እንነቅላለን። ጫማ ሲልጠን እናወልቃለን። አንዱ ጎን ሲደክመን ሳናውቀው ክብደታችንን ወደ ሌላው እናዛውራለን። ይህን ሁሉ የሚያደርግልን ሕመም ነው።

ሕመም የማይሰማው ሰውስ? በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት የእግር ነርቩ የተጎዳ ሰው ሚስማር ረግጦ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ነገሩን የሚያውቀው ማታ ጫማውን ሲያወልቅና ደም ሲያይ ነው። ቁስል ይዞም እንደ ወትሮው ይራመዳል፤ አያነክስም። ስለማያነክስም ጎረቤቱም፣ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያው አያስተውለውም። ቁስሉ አጥንት ዘልቆ ሲሸት ወደ ሕክምና ይመጣል፤ ያኔ የሚቀረው ምርጫ መቁረጥ ሊሆን ይችላል።

ሕመም ለእነዚህ ሰዎች ይሠራ የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር መሥራት አለበት። ያ ሌላ ነገር መለኪያ ነው። በትላልቅ ሆስፒታሎች ሰው ሲራመድ የውስጥ እግሩን ጫና በኮምፒውተር የሚያሳዩ ምንጣፎች አሉ። እኛ ዘንድ እነዚህ የሉም፤ ቢኖሩም መብራቱና ጥገናው ያስቸግራል። ነገር ግን የአንድን እግር አደጋ ለማወቅ የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና ነገሮች በዓሣ ማጥመጃ ክር፣ በመርፌ ሲሪንጅ፣ በአሮጌ የጎማ ላስቲክና በተማሪ ማስመሪያ መለካት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለጤና ረዳቶችና ለተሃድሶ ሠራተኞች ቢሆንም፣ እግሩ የደነዘዘ ሰው በቤቱ ያለ ማንኛውም አንባቢ ሊጠቀምበት ይችላል።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እግሩን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ለብዙ ዘመናት የሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር የሚያልቀው በሽታው ሥጋቸውን ስለሚበላ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከ1946 ጀምሮ በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ያገለገሉት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ ይህን እምነት በሥራቸው ለወጡት። የሕሙማኑ ሥጋ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ይድናል። ቁስሉን የሚፈጥረው ሰውየው ያልተሰማው ጫና ነው፤ እንዳይድን የሚያደርገውም ቆስሎ እያለ መራመዱ ነው። ዶክተር ብራንድ ኋላ በአሜሪካ በካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ብርቱ ጫና ሲያርፍባቸው የሚፈነዱ ደቃቅ የቀለም እንክብሎች ያሉበት ካልሲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሞክረዋል። ሰውየው ካልሲውን አድርጎ ጥቂት ሲራመድ ጫና የበዛበት ቦታ በቀለም ይለያል። እንግዲህ ቀላል መለኪያ መሥራት የድሃ አገር መላ ብቻ አይደለም።

ጫና እግርን የሚጎዳው በ3 መንገድ ነው።

1. በአንድ ጊዜ ብርቱ ጫና፦ እንደ ሚስማር፣ እሾህ ወይም ጠርሙስ ስባሪ። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ክብደት ስለሚያርፍ ቆዳው ይበሳል።

2. በቀላል ግን በማያቋርጥ ጫና፦ እንደ ጠባብ ጫማ። ደም ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ስለሚያግድ ከሰዓታት በኋላ ሥጋው ይሞታል።

3. በመካከለኛና በተደጋጋሚ ጫና፦ ይህ ተራ እርምጃ ነው። አንዱ እርምጃ አይጎዳም፤ በሺህ የሚቆጠሩ እርምጃዎች በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፉ ግን ሥጋው ይቆጣል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ከውስጥ ይቀደዳል። ሕመም የማይሰማውን እግር በብዛት የሚያቆስለው ይኸኛው ነው።

በቀላል ሒሳብ እንየው። የ60 ኪሎ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ክብደቱ በ60 ካሬ ሴንቲ ሜትር የውስጥ እግር ላይ ቢከፋፈል እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሸከመው 1 ኪሎ ነው። ጣቶቹ የተቆለመሙ፣ ቁርጭምጭሚቱ የደረቀ ሰው ያንኑ ክብደት ከአውራ ጣቱ ሥር ባለች 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያሳርፈው ግን ድርሻው 10 ኪሎ ይሆናል። ሰውየው አልወፈረም፤ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ጠበበ እንጂ። ስለዚህ አራት ነገሮችን ማወቅ እንፈልጋለን፦ እግሩ ይሰማዋል ወይ? ጫናው የት ላይ ነው? ከውስጥ የተቆጣ ቦታ አለ ወይ? መገጣጠሚያው ይታጠፋል ወይ?

የአዲስ አበባው ትምህርት

በአገራችን ይህን ሙያ የምናውቀው በአለርት በኩል ነው። አለርት በ1965 የተመሠረተው በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ቀድሞ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በነበረበት ሥፍራ ነው። ሥራው ማከም ብቻ አልነበረም፤ ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የጤና ሠራተኞችን አሠልጥኗል፤ በራሱ ወርክሾፕም ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማና ሰው ሠራሽ እግር ሠርቷል።

አለርት በ1988 አዲስ የተገኙ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለዓመታት እየተከታተለ የነርቫቸውን ሁኔታ የሚመዘግብ ጥናት ጀመረ። ከዚያ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመን ትልቁ ትምህርት፣ ነርቭ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ፣ እንዲያውም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ "ደህና ነዎት" ብሎ ማሰናበት አይበቃም ማለት ነው። ተመሳሳዩን ነጥብ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ይህ እንዲሆን መለኪያው ሁልጊዜ በእጃችን መገኘት አለበት፤ በእጃችን እንዲገኝ ደግሞ ራሳችን ልንሠራው የምንችለው ቢሆን ይመረጣል።

መለኪያ አንድ፦ የስሜት ክር

በጀርመን ማክስ ፎን ፍሬይ የተባሉ ተመራማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረስ ፀጉር በእንጨት ጫፍ ላይ አጣብቀው የቆዳን ስሜት ይለኩ ነበር። ፀጉሩ ቆዳ ላይ ሲጫን እስኪጎብጥ ድረስ የሚያሳርፈው ጫና የታወቀ ነው፤ ከጎበጠ በኋላ የመርማሪው እጅ ቢጠነክርም ጫናው ብዙም አይጨምርም። በ1960 ጆሴፊን ሴምስና ሲድኒ ዋይንስታይን በፀጉሩ ፋንታ ናይለን ተጠቀሙ። ዛሬ በመላው ዓለም ለእግር የሚያገለግለው በ10 ግራም ጫና የሚጎብጠው ክር ነው። እሱን የማይለይ የውስጥ እግር መከላከያ አጥቷል ይባላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ውፍረቱ 0.50 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር (ውፍረቱ ጥቅሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ዓባይ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ያውቁታል)፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሁለት እኩል የፕላስቲክ ክዳኖች።

አሠራሩ፦
1. ክሩ ከጥቅሉ ሲወጣ ይጠቀለላል። ወጥሮ በመያዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይተው፣ እንደተወጠረ በቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱት። ይቃናል።
2. በእስክሪብቶው ጫፍ አስገብተው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ አድርገው በማጣበቂያ ያስሩት። ጫፉን በምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።
3. አሁን ሚዛኑን ይሥሩ። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ እንዳይንከባለል በፕላስተር ይለጥፉ። ማስመሪያውን 15 ላይ እርሳሱ ላይ ያስቀምጡ። በሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ክዳኖቹን ይለጥፉ፤ ሚዛኑ ትክክል እስኪሆን ያስተካክሉ።
4. በሲሪንጁ ልክ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በአንዱ ክዳን ላይ ይጨምሩ። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ 10 ግራም ይመዝናል። ያ ጎን ጠረጴዛውን ይነካል። (ክዳኑ ውኃውን የማይዝ ከሆነ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጠው ሁለት ትናንሽ ኩባያዎች ያዘጋጁ።)
5. ባዶውን ክዳን በክሩ ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑ። ውኃው ያለበት ጎን ክሩ ሳይጎብጥ ከተነሣ ክሩ ጠንካራ ነው፤ ከእስክሪብቶው ትንሽ አውጥተው ያስረዝሙት። ውኃው ሳይነሣ ክሩ ከጎበጠ ደካማ ነው፤ ከጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየቆረጡ ያሳጥሩት። ክሩ ሲጎብጥና ውኃው ለመነሣት ሲያመነታ በአንድ ጊዜ ከሆነ መለኪያዎ ዝግጁ ነው።

ርዝመቱን ሲያስተካክሉ ጥቂት በጥቂት ይሁን። የክሩ ርዝመት በእጥፍ ቢጨምር የሚጎብጥበት ጫና ወደ ሩብ ይወርዳል። ውፍረት ደግሞ ከርዝመት ይበልጥ ያዛባል፤ ስለዚህ ሌላ ውፍረት ያለው ክር ካገኙ ርዝመቱ ፈጽሞ የተለየ ይሆናል።

አጠቃቀሙ፦ መጀመሪያ ክሩን በሕመምተኛው ክንድ ላይ አስነክተው ምን እንደሚሰማ ያሳውቁ። "እማማ፣ ሲነካዎት 'አዎ' ይበሉኝ" ብለው ያስረዱ፤ ሰውየው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ በባሪ ወይም በጁባ ዓረብኛ የሚያስረዳ ሰው ያቅርቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ወይም ወደ ሌላ እያዩ ሦስት ነጥቦችን ይፈትሹ፦ የአውራ ጣት ሥር ቆዳ፣ ከአውራ ጣት በታች ያለው ወፍራም ጉብታ፣ ከትንሿ ጣት በታች ያለው ጉብታ። ክሩን ቀጥ አድርገው እስኪጎብጥ ይጫኑ፤ መንካት፣ መጉበጥና ማንሣት በጠቅላላው 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅ። በየነጥቡ ሁለት ጊዜ ይንኩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይነኩ "ነካሁዎት?" ብለው ይጠይቁ። ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ከመለሱ ነጥቡ ስሜት አለው። መጅ፣ ጠባሳ ወይም ቁስል ላይ አይጫኑ፤ ከጎኑ ይፈትሹ።

ናይለን ሙቀትና እርጥበት ይጫወቱበታል። በጁባ የዝናብ ወራት ጠዋት የተስተካከለ ክር ከሰዓት በኋላ ሊለሰልስ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ክሮች ይሥሩ፤ አንዱ 10 ያህል ሰው ከፈተሸ በኋላ እስከ ማግስቱ ይረፍ። በየሳምንቱ በውኃ ሚዛኑ ይፈትኑት። የተጣመመውን ይጣሉ።

ክሩ እስኪዘጋጅ ድረስም እጅዎ አለ። በ2011 በእንግሊዝ አገር የተዋወቀ ቀላል ዘዴ አለ፦ የሁለቱንም እግሮች የ1ኛ፣ የ3ኛና የ5ኛ ጣቶች ጫፍ በሌባ ጣትዎ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ በስሱ መንካት። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ስሜት ቀንሷል።

መለኪያ ሁለት፦ የዱካ ሰሌዳ

በ1947 ሁለት የካናዳ ሐኪሞች፣ ሃሪስና ቢዝ፣ የወታደሮችን እግር ሲመረምሩ የተጠቀሙበት የላስቲክ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ ከፍታቸው የተለያየ መስመሮች አሉት፤ ጫናው ሲጨምር ዝቅ ያሉት መስመሮችም ወረቀቱን ስለሚነኩ ቀለሙ ይጠቁራል። በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን አገልግሏል። የእኛን እንዲህ እንሥራው፦

1. ከጣውላ 40 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝቅተኛ ፍሬም ያዘጋጁ።
2. ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው ከጎን ከጎኑ በመወጠር ፍሬሙ ላይ ያስሩ። ከሥሩ ከአሮጌ አጎበር አንድ ንጣፍ ወጥረው ያያይዙ። የሚስማር ጫፍ እንዳይወጣ በደንብ ይዩ፤ የሚቆመው ሰው ቢወጋው አይሰማውም።
3. አጎበሩን በማኅተም ቀለም በስሱ ይቀቡ። ፍሬሙን ገልብጠው ነጭ ወረቀት ባለበት ጠንካራ ወለል ላይ ያስቀምጡ።
4. ሰውየው እንደ ወትሮው እየተራመዱ በአንድ እግራቸው ሰሌዳውን ረግጠው ይለፉ። ቁስል ያለበት እግር አይርገጥ።

ሰሌዳው በእርግጥ ጫናን ይለይ እንደሆነ ሳይፈትኑ አይመኑት። 2 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነች የእንጨት ቁራጭ ሰሌዳው ላይ ያድርጉና በላይዋ 4 ሊትር ውኃ ያለበት ጀሪካን ደግፈው ያሳርፉ። ይህ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ነው። በሌላ ቦታ በ12 ሊትር ይድገሙት፤ 3 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ ምልክቶች በጥቁረት ከተለያዩ ሰሌዳው ይሠራል። ካልተለያዩ ቀለሙ በዝቷል ወይም አጎበሩ ረግቧል፤ ያስተካክሉት። ምልክት ያደረጉበትን ወረቀት እንደ ማነጻጸሪያ ያስቀምጡ።

ዱካውን ሲያነቡ ከሌላው ቦታ ተለይቶ የጠቆረውን ነጥብ ይፈልጉ፤ ከዚያ እግሩን አንሥተው ያንኑ ቦታ ይመልከቱ። መጅ ካለበት፣ ቀልቶ ከሆነ ወይም ከመጁ ሥር ጥቁር ነጥብ ካዩ ቀጣዩ ቁስል የሚወጣው እዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ቀን፣ ቀኝ ወይም ግራ ብለው ጽፈው በፋይሉ ያኑሩት።

መለኪያ ሦስት፦ ሙቀት

የተቆጣ ሥጋ ከመቀደዱ በፊት ይሞቃል። የአንዱ እግር አንድ ነጥብ ከሌላው እግር ተመሳሳይ ነጥብ በ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሞቀ አደጋ አለ። ይህ ልዩነት በማግስቱም ከታየ ሰውየው እርምጃ ቀንሶ መመርመር አለበት።

ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ጤና ተቋማት ውስጥ የግንባር ሙቀት መለኪያ ይገኛል። ለእግርም ያገለግላል፤ ነገር ግን ለሰውነት በሚለው አሠራር ላይ ከሆነ የሚያየውን ቁጥር ወደ ሰውነት ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ የዕቃ ገጽታ ሙቀት ወደሚለካበት አሠራር ይቀይሩት። በሽተኛው ጫማውን አውልቆ ጥላ ሥር 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ እግር ምንም አይነግርዎትም። መሣሪያ ከሌለ በእጅዎ ጀርባ ሁለቱን እግሮች ነጥብ በነጥብ ያወዳድሩ። የእጅ ጀርባ ቁጥር አይናገርም፤ "ይኸኛው ይሞቃል" ማለት ግን ይችላል።

መለኪያ አራት፦ የማዕዘን መለኪያ

ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ የማይታጠፍ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዙ ቶሎ ይነሣና ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት እግሩ ይሄዳል። ይህን ለመለካት ሁለት የፕላስቲክ ማስመሪያዎችን ጫፍና ጫፋቸውን በስተው በአንዲት ቡሎን ያያይዙ፤ በመጋጠሚያው ላይ የተማሪ ፕሮትራክተር ይለጥፉ።

ሰውየው ጉልበቱን ዘርግቶ ይተኛ። አንዱን ማስመሪያ ከጉልበት ውጫዊ ጎን ወደ ቁርጭምጭሚት በሚወርደው አጥንት አንጻር፣ ሌላውን በውስጥ እግሩ ውጫዊ ጠርዝ አንጻር ያድርጉ። ከዚያ እግሩን ወደ ላይ ቀስ ብለው ይግፉት። እግርና ቅልጥም ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ 0 እንበለው። ለመልካም እርምጃ ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ከበለጠ እንደገና ይጀምሩ። አውራ ጣትንም ወደ ላይ አጥፈው ይሞክሩ፤ ደርቆ ካገኙት ከሥሩ ያለውን ቆዳ ተጠንቅቀው ይዩ።

የጫማ ፍተሻ

ሰውየው ወረቀት ላይ ቆሞ የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ይሳሉ፤ ቆርጠው ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ በጎን ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። ከዚያ እጅዎን ከትተው ሚስማር፣ ስፌትና ጠጠር ይፈልጉ። በረባሶ ጎማው ወፍራም ስለሆነ እሾህ ይመልሳል፤ ሚስማሩ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ሲሊፐር ደግሞ ለደነዘዘ እግር አይሆንም፤ ከእግር ሲወጣም አይታወቅም፣ በጣቶች መካከልም ይልጣል።

ውጤቱን ምን እናድርገው?

መለካት ብቻውን ማንንም አያድንም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሥጋ ደዌ ታክመው የዳኑ አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያው መጡ እንበል። ሕመም የለባቸውም፤ የመጡት ለልጃቸው ነው። ክሩን በሁለቱም እግሮች ሞከርን፤ በቀኝ እግራቸው ሦስቱንም ነጥቦች አላወቁም። በዱካ ሰሌዳው የቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር ጥቁር ነጥብ ታየ፤ እዚያው ላይ መጅ አለ። ቁርጭምጭሚታቸው 0 ላይ ይቆማል። ሙቀቱ ከግራው በ1 ዲግሪ ይበልጣል። ቁስል ገና የለም። እዚህ ላይ ምንም ሳናደርግ ብንሸኛቸው ከሳምንታት በኋላ በቁስል ይመለሳሉ።

የምናደርገው ይህ ነው። መጁን በዘዴ የሠለጠነ ሰው ይቀንሰዋል፤ እሳቸው በምላጭ እንዳይቆርጡት ይነገራቸዋል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ደረቅ እግራቸውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው፣ በሻካራ ድንጋይ በስሱ ፈትገው ቅባት ቢቀቡ ይጠቅማቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ ግን እግሩን አይዘፍዝፍ፤ ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ጭምር ያድርቅ። በጫማቸው ውስጥ ለስላሳ የስፖንጅ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ከሥሩ ደግሞ እሾህ የማይበሳው ጠንካራ ጎማ ይሁን፤ በሚስማር ሳይሆን በስፌትና በማጣበቂያ ይያያዝ። ጥቁሩ ነጥብ ባለበት ላስቲኩን ቀስ በቀስ እያሳሱ ያጎድጉዱት። ክብ ቀዳዳ አውጥተው አይተዉት፤ የቀዳዳው ጠርዝ ራሱ ያቆስላል። አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን ለግማሽ ሰዓት ብቻ አድርገው ይዩት፤ የቀላ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ ጫማው ይስተካከል፤ ከሌለ በየቀኑ ጊዜውን ይጨምሩ።

ክትትሉም እንደ አደጋው ይለያያል። እግሩ የሚሰማው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ስሜት ብቻ ያጣ በ6 እስከ 12 ወር፤ ስሜት አጥቶ እግሩ ቅርጹን የለወጠ በ3 እስከ 6 ወር፤ ከዚህ በፊት ቆስሎ ወይም ጣት ተቆርጦ የነበረ ደግሞ በ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ይመለስ። ሁሉም በየማታው እግሩን ይመልከት። ዓይኑ የደከመ ሰው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ይይለት።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚላኩ

- ስሜት ያጣው በቅርቡ፣ በተለይም ካለፉት 6 ወራት ወዲህ የሆነ ወይም እግሩ መንጠልጠል የጀመረ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ። ነርቩን በመድኃኒት ማዳን የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው።
- ቁስል ሳይኖረው እግሩ ያበጠና የሞቀ ሰው። ባያመውም አጥንቱ እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል፤ አይራመድ።
- የሚሸት፣ መግል ያለው፣ አጥንት የሚታይበት ወይም ትኩሳት ያስከተለ ቁስል።
- የጠቆረ ጣት ወይም የቀዘቀዘና የገረጣ እግር።

ሐኪም ጋ ሲልኩ የዱካ ወረቀቱንና የለኩትን ሁሉ አብረው ይላኩ። ከእርስዎ በኋላ የሚያየው ባለሙያ "ከመቼ ጀምሮ?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ማስታወሻ፦ በእጅ የተሠራ መለኪያ ጉድለት አለው። የዱካ ሰሌዳው ባዶ እግርን እንጂ ጫማ ውስጥ ያለውን አያሳይም። ክሩም ውጤቱ ጫፍ ላይ ሲሆን ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በመለኪያውና በዓይንዎ መካከል ልዩነት ሲፈጠር ለበሽተኛው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስገኘውን ይምረጡ። ደግሞም መለኪያውን የሚፈትንና የሚመዘግብ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የሁሉም የሆነ መሣሪያ ሳይፈተን ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መሥራት ከቻሉ ክሩን ይሥሩ። አንድ ሲሪንጅ ውኃ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ክንድ የማይሞላ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይበቃል። ነገ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ጫማቸውን እንዲያወልቁ ይጠይቁ። ምንም አያመኝም ከሚሉት መካከል የእርስዎን ክር የማይሰማ እግር ሊኖር ይችላል፤ ያንን እግር ከቁስል በፊት የሚያገኘው እርስዎ ነዎት።